የአባባ ፍሬን

ወንድምዬ ሰናይ፣ ጅማ እንዴት ይዞሃል? እኛ ልደታ ትመስገን፣ አለን።

ለአባባ ትተህላቸው የሄድከው ሞተር የፊት ሹካው ዘይት ያፈስ ነበር፤ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ሲቀየር ማፍሰሱን አቆመ። ያስቸገረን ፍሬኑ ነው። አባባ "አልይዝ አለኝ" ባሉ ቁጥር አብነት ሰፈር፣ መካኒኩ አስመላሽ ጋ እወስደዋለሁ። ሸራውም ገመዱም አዲስ ነው። ትናንት አስመላሽ ራሱ ነዳው፤ በቀኝ እጁ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ሲያደርግ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቤት ስመልሰው ግን አባባ ነድተው የጎረቤት አጥር ገጩ። "ይሄ ልጅ ሥራ አይችልም" ብለው ተቆጡ። ቁልፉን ስጡኝ ብላቸው ማን ሊሰማኝ!

ዛሬ ልደታ ነች፤ አብረን ሄደን ተሳለምን። አባባ በግራ እጃቸው አማተቡ፤ ቀኛቸው ከጎናቸው አልተነሳም።

አሁንም "ፍሬኑን አሠሪ" እያሉኝ ነው። አስመላሽን ምን ቀይር ልበለው? እባክህ፣ ፋሲካን ሳትጠብቅ ና።

ናፋቂህ እህትህ፣ ትሕትና