ባለ ብሎኑ መንጠቆ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ አለበል፣

ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ጥፋቱ የአስተማሪዬ ነው። ይህ ወረቀት እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ተዝካርህንም አውጥቻለሁ። ግን ዓመት ሙሉ በልቤ ካንተ ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜ ሰሞኑን ነገሩ ተለወጠብኝ፤ ላንተ ሳልነግር ለማን ልንገር?

ወንድሜ እንዳላማው በቦታህ ተቀጠረ። አዎ፣ ያንተው ሥራ፤ የስልክ እንጨት ላይ መውጣት። ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩት። «እህት ዓለም፣ ታዲያ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀበቶ ተሰጠው፤ ቀበቶውን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው መንጠቆ ግን አርጅቶ ስለነበር አዲስ ሊገዛ ሐጂ ሐምዱ ሱቅ ሄደ። እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት።

ሐጂ ሁለት ዓይነት አወጡልን። አንዱ ባለ ሞላ ነው፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል፣ ሲለቁት ይገጥማል። ሌላው ያው ያንተ ዓይነት ነው፤ ሞላው ከገጠመ በኋላ ብሎን ዞሮ ይቆልፈዋል። እንዳላማው ባለ ሞላውን አነሣ። እኔም በሆዴ እሰይ አልኩ።

ለምን መሰለህ? ዓምና ሐምሌ በአማኑኤል መንገድ የተበጠሰ ሽቦ ልትቀጥል ወጥተህ እንጨቱ ይዞህ ሲወድቅ፣ መንጠቆህ እንደተቆለፈ ነበር። የሥራ ጓደኛህ አንሙት ብሎኑ አልዞር ቢለው ቀበቶህን በቢላ ቆርጦ ነው ከእንጨቱ የለየህ። መንጠቆውንም አምጥቶ ሰጠኝ። ለቅሶ ላይ አንዱ «ባለ ሞላ ቢሆን ኖሮ ከፍቶ ይዘል ነበር» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያን ብረት የኑግ ዘይት እየቀባሁ ልከፍተው ስታገል ከረምኩ። እንዴት እንደጠላሁት አትጠይቀኝ።

ለሐጂም ይህንኑ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ባለ ሞላውን ከእንዳላማው እጅ ተቀብለው የበሩ መቃን ላይ ጫን አድርገው አሹት። አፉ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። «እንጨት ላይ ሲታሽ እንዲህ ይሆናል» አሉ።

«ቢሆንም» አልኳቸው፣ «አለበል ቢከፍተው ይዘል ነበር።»

«የት ላይ ይዘላል፣ ልጄ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አለበል፣ ዓመት ሙሉ በሐሳቤ መንጠቆውን እከፍትልሃለሁ፤ አንተም ዘለህ በእግርህ ወደ ቤት ትመጣለህ። የት እንደምታርፍ ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ያ ሁሉ ከፍታ፣ ከታች ደግሞ ድንጋይ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩልኝ።

እንዳላማው ደንግጦ «በቃ፣ አንቺ የሰጠሽኝን እይዛለሁ» አለ። ባለ ብሎኑን ሰጠሁት።

እንዲሁ የለቀቅኩት እንዳይመስልህ። በማግስቱ ከከተማው ዳር የመጀመሪያውን እንጨት ሊወጣ ሲል አብሬው ሄድኩ፤ አንሙትም ነበረ። ያንተ እንጨት ከአፈር በላይ ደህና፣ ከአፈር በታች ብስባሽ እንደነበር የነገረኝ እሱ ነውና «አካፋ አምጣ» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«ይምጣ።»

ሥሩን ቆፍሮ እስኪያሳየኝ፣ እኔም በቢላ ወጋ ወጋ አድርጌ እስካየው ድረስ ንቅንቅ አላልኩም። አንተ ብትሆን «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» ብለህ ታኮርፍ ነበር። እንጨቱ ጠንካራ ነበር። እንዳላማው ወጣ። ላይ ሆኖ ብሎኑን አዞረና «ቆልፌያለሁ!» ብሎ ጮኸልኝ። እስኪወርድ ቆሜ ጠበቅኩት።

ቤት ስገባ ያንተን መንጠቆ አወረድኩት። እንደ ልማዴ ዘይቱን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲይዝህ ቆለፍከው፤ ያዘህ። የከዳህ እንጨቱ ነው። ከእንግዲህ አልታገለውም፤ ራስጌዬ ሰቅዬዋለሁ፣ እንደተቆለፈ ይኑር።

እንዳላማው ነገ በጉንደ ወይን መንገድ ይወጣል። ያልተቆፈረ እንጨት ላይ እንዳይወጣ አስምዬዋለሁ፤ አካፋውንም በሩ ሥር አቁሜለታለሁ። ላንተ የእንጨቱን ሥር አለመቆፈሬ ግን ይቆጨኛል፣ አለበል። በጣም ይቆጨኛል።

ያንተው ጨቅጫቃ፣
ወለተ ሐዋርያት