የማማው አንሶላ

ኤርለንሽታይግ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1986

ውድ ወንድሜ ኤክሃርት፣

እንዴት ሰንብተሃል? ልጆቹስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ራሱ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ከተማችን ሰባት መቶኛ ዓመቷን ልታከብር ነው፤ ታሪኳን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ጨው ቆፋሪዎቹ፣ ሁለቱ ቃጠሎዎች፣ ባቡሩ ትቶን በወንዙ ማዶ ያለፈበት ዘመን፣ የተዘጋው የአዝራር ፋብሪካ፣ ሁሉም በቀላሉ ተጻፈልኝ። 1945 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ሲነገር ያደግነውን ታውቃለህ፤ አሜሪካኖቹ መድፋቸውን ደግነው ሳለ አባታችን የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ የእጅ መስጠት ምልክት እንዲሆን ነጭ አንሶላ ሰቅሎ ከተማዋን አተረፈ። መንገድም በስሙ ተሰይሟል። አንሶላውን ከሙዚየሙ ሣጥን አውጥቼ ልኩን ልወስድ ዘረጋሁት። ጠርዙ ላይ በቀይ ክር ስም ተጠልፏል፦ «ቲልዴ ክራፕ»።

የታችኛው ሰፈር ልብስ አጣቢዋ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አረጋውያን ቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አሉኝ፣ ድንች መላጣቸውን ሳያቆሙ። «አባትሽማ ከታች ሆኖ ‹ውረጂ አንቺ ዕብድ! የሂትለር ኤስኤስ ወታደሮች ገና ጫካው ውስጥ ናቸው፣ ልታስፈጂን ነው!› እያለ ይጮህብኝ ነበር። ታንኮቹ ሲመጡ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ማንም ሳይቀድመው ሊቀበላቸው ወጣ።»

«ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ አንቺ በየጠዋቱ ‹እንዴት አደሩ› ብለሽኝ ስታልፊ፣ በየት በኩል ልንገርሽ?»

ነገሩን ለከንቲባው ነገርኩት፤ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። «እትዬ ጌርሊንዴ፣ በዓል ነው እኮ የምናከብረው፣ ፍርድ ቤት አልተቀመጥንም። ሁለት መስመር ይዝለሉና ይለፍ» አለኝ።

«አንተ ድሮም የከበደህን ጥያቄ ዘለህ ነበር የምታልፈው» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ይህን የጀመርኩት ፈቃድህን ልጠይቅ ነበር። አልዋሽህም፤ ጽሑፉን ትናንት ለአታሚው ሰጥቼዋለሁ፣ አንሶላውን የሰቀሉት ወይዘሮ ቲልዴ ናቸው ብዬ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። አባታችን ክፉ ሰው አልነበረም። ፈርቶ ነበር፤ ከዚያ ምስጋናው ጣፈጠው። እኔ አሁንም እወደዋለሁ፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን እናታችን ከተደበቅንበት ምድር ቤት ወጥተህ አባታችንን ፈልገህ እንድታመጣ የላከችው አንተን ነበር። ስትመለስ ፊትህ አመድ መስሎ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። በሃያ ዓመትህ አውስትራሊያ ገባህ፣ ለአባታችን ቀብርም አልመጣህም። ለምን ብዬህ አላውቅም፤ አሁንም አልልህም። ብቻ ስትመልስልኝ፣ እባክህ፣ ስለ ዝናቡና ስለ በጎችህ ብቻ አትጻፍልኝ።

እግዚአብሔር አንተንም ቤትህንም በሰላም ይጠብቅልኝ።

እህትህ ጌርሊንዴ