የዘነቡ ቁጥር

ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት
ተፈቀደልን! ደብተሬ፣ ዛሬ ሰላምታ የለም፣ ወሬው ይቅደም። የከተማው ማራቶን ዘንድሮ ለቀበሌ ሴቶችም ለዓይነ ስውራንም ተከፈተ። እስከ አምና የወታደርና የፋብሪካ ወንዶች ብቻ ነበር፤ እኛ ዳር ቆመን እልል። ሙሉው ለነሱ፣ ለኛ ዐሥር ኪ.ሜ.። ታናሽ እህቴን ዘነቡን አስመዘገብኳት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አታይም። መሪዋ እኔ። በአርባ አራት ዓመቴ! እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። እግሬ ግን ከፋብሪካ አብጦ ነው የገባው።

ጥቅምት 24፣ ጠዋት
ደከመኝ። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ እንወጣለን፤ እጄንና እጇን በእናታችን መቀነት አስረን፣ ከጎፋ በለቡ ማሳዎች በኩል። ዛሬ ጤፍ የሚጠብቁ ገበሬዎች እስረኛዋ የትኛችሁ ናት ብለው ሳቁብን። ዘነቡ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እሷ ናት! እኔማ ይዤያት ነው።» እነሱም ሳቁ፣ እኔም በሳቅ ትንፋሽ አጠረኝ። አሁን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ካውያ ላይ መቆም አለ።

ኅዳር 2
ቁጥር ታደለ። ለሁለታችን አንድ! የቀበሌው ሊ/መንበር ታስራችሁ የምትሮጡ እንደ አንድ ሰው ናችሁ፣ የምታየዋ ትልበሰው አለ። ዝርዝሩ ላይ የኔ ስም እንጂ የሷ የለም። ለመንኩት። ዝርዝሩ ወደ ከፍተኛው ጽ/ቤት ሄዷል፣ አይነካም አለኝ። ዘነቡ ስትሰማ ምሳዋን ገፋችው። «እትዬ፣ እኔ ዘንቢልሽ ነኝ?» አለችኝ። በስሟ ካልሆነ አትወጣም። ገብቼ ተኛሁ፣ በቀን።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ
ወሰንኩ። ቁጥሩን በዘነቡ ሹራብ ላይ ሰፋሁት፤ ከሥሩ ስሟን በቀይ ክር ጠለፍኩ። በጣቷ ዳሰሰችው፣ ደጋግማ። እኔ ያለ ቁጥር እቆማለሁ። ካባረሩኝ መቀነቱን ለጎረቤታችን ለወ/ሮ አስካለ አቀብላለሁ፤ እሷም ትሮጣለች። እንዳያባርሩኝ ብቻ።

ኅዳር 5፣ እሑድ፣ ከሰዓት
እግሬ የኔ አይደለም። መነሻው ላይ ጠባቂው የታል ቁጥርሽ አለኝ። ዘነቡ ደረቷን ነፋ አድርጋ «ሯጯ እኔ ነኝ፤ እሷ የምታየው ለኔ ነው» አለችው። ሳቀና አሳለፈን!

የኛ ነገር ግን! ቅዳሴ መቅረታችን ሳያንስ እህል ደግሞ እንቅመስ እንዴ ብለን፣ አብረውን የተመዘገቡት የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ሴቶች በሙሉ በባዶ ሆድ ሮጥን። ስድስተኛው ኪ.ሜ. ላይ ወ/ሮ አስካለ ዘጭ። ሌሎቹም ተከተሏት። የኔም ዓይን ጨለመ። ልቀመጥ ስል መቀነቱ ጎተተኝ። ዘነቡ ናት። መንገዱን ንገሪኝ እንጂ እግሩን ለኔ ተይው አለች። ግራ፣ ቀኝ፣ ጉድጓድ አለ እያልኩ ተጎተትኩ።

ስንደርስ የመድረሻውን ገመድ ይጠቀልሉ ነበር፤ የመጨረሻ ነን። መዝጋቢው ግን ገና አልተነሣም። ዘነቡ ቁጥሯን ነገረችው፣ ስሟንም እስከ አያቷ። ዝርዝሩን አየ፣ እሷን አየ፣ የኔን ስም ሰርዞ የሷን ጻፈ። በዓይኔ አየሁ። አነበብኩላት። እንደገና አንብቢልኝ አለች።

ድግስ አለ፤ ቆርጠናል። ያለችን ዶሮ አንድ ናት፣ ሽሮ ይሞላዋል። ጉልበቴ እስከዚያ ይመለስ ይሆናል። ወ/ሮ አስካለም፣ ማኅበርተኞቹም፣ ሊ/መንበሩም፣ ማንም እንዳይቀር፤ የፊታችን እሑድ፣ ኅዳር ሚካኤል፣ እኛ ቤት።