የአባዬ አግዳሚ

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018፣ ቆቦ

ጉልበቷን አሟት ከወር በላይ ቤት የከረመችው እማዬ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ስብከት ሲጀመር ጉልበቷን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት የተቀመጠችው አባዬ በሠራው የእንጨት አግዳሚ ላይ ነበር። ልጅ ሆኜ ታምሜ ስድን ለቤተ ክርስቲያኑ በስለት ያገባው ነው። ባለፈው ወር እኔም አባል የሆንኩበት ሰበካ ጉባኤ አሮጌ አግዳሚዎቹን በሙሉ በጨረታ ሸጠ። «የፕላስቲክ ወንበር ይሻለናል» ብዬ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ወንበሮቹ ተገዙ። ግን እንዳይሰበሩ ተብሎ እንግዳ ካልመጣ ከዕቃ ቤት አይወጡም። የትኛው እንግዳ እንደሆነ እንጃ!

«ያባትህ አግዳሚ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ሊጠገን ተወስዷል» አልኳት።

«እሰይ፣ አንዱ እግሩ ይነቃነቅ ነበር» ብላ መረቀችኝ።

ነገ ጾም ስለሚገባ ለቅበላ ሥጋ ልገዛ ወጣሁ። አግዳሚው ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ወረፋ ጠባቂዎች ሞልተውበታል። ሥጋ ሻጩ «ወንድምዓለም፣ ጠጋ ብለህ ተቀመጥ» አለኝ። ቆሜ ጠበቅኩ። ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ነካሁት። እማዬ ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥም እዚያው ኪሴ ውስጥ ነበር።