መስመሩ ካልጠቆረ አልሰጥም

እሑድ፣ ኅዳር 19 ቀን
ረፋድ ላይ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ደብዳቤዎ ከነቅጹ ረቡዕ ዕለት ደርሶኛል። እኔ ደኅና ነኝ። አክስቴም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት፤ አንደበቷን ግን እንደሚያውቁት ምንም አልነካውም። የእርስዎ ሳል እንዴት ሆነ? የተራራውን ነፋስ ፍጥነት በቁጥር ጽፈውልኝ ሳልዎን «ይሻለኛል» በሚል አንድ ቃል አልፈውታል። እኔ በቁጥሩ አልተጽናናሁም።

ቅጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። በአየር ጠባይ ጣቢያዎ የረዳት መዝጋቢነቱ ቦታ ክፍት መሆኑን፣ ማመልከቻውም እስከ ወሩ መጨረሻ መድረስ እንዳለበት ተረድቻለሁ። ስሜን፣ ዕድሜዬንና ትምህርቴን በራስዎ እጅ ሞልተው ለእኔ የተውልኝ የፊርማውን ቦታ ብቻ ነው። መልሴን ከመጻፌ በፊት ግን የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርዎት፤ ምክንያቱን ሳያውቁ መልሱን ብቻ እንዲያነቡ አልፈልግም።

በመጀመሪያ አንድ ውሸት ላርም። ከጓደኛዎ ሆቴል «ተስማምተን ተለያየን» ብዬ ጽፌልዎት ነበር። አልተስማማንም። በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ዘጠኝ ቀን ቆምኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሌሊቱን ያጠናሁት «እንኳን ደኅና መጡ» ከደረቴ አልወጣ ይላል። በዘጠነኛው ቀን አንድ እንግዳ የክፍላቸውን ቁልፍ ሲጠይቁኝ፣ ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ ከጠረጴዛው ሥር ተቀመጥኩ። ሰውየው ጎንበስ ብለው አዩኝና፣

«የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። ለዚያን ቀን የቻልኩት ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ለመዝገብ ሠራተኛነት ተፈተንኩ። በጽሑፉ ፈተና አንደኛ ወጣሁ። ለቃለ መጠይቅ ስገባ አምስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረው ጠበቁኝ። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አሉ። ስለ ራሴ አሥራ አራት ነገሮች አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ስሜን እንኳ ከፊታቸው ካለው ወረቀት ላይ አንብበው ነገሩኝ። ቤት ስመለስ አክስቴ «ሰው አይበላሽም እኮ!» አለችኝ። እንደማይበላኝ አውቃለሁ። ልቤ ግን ይህን ከእኔ አይሰማም።

አባባ፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ ዝም ስል «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እኔን እየጠቀሱ ይቆጡ ነበር። ሥራ ፍለጋ የወጣሁ ዕለት ያው ዝምታ ጉድለት ተባለ። እኔ አልተለወጥሁም፤ ዋጋ ተማኞቹ ናቸው የተለወጡት።

በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ የማያቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህ ነገር ማኅበራዊ ጭንቀት እንደሚባል ነግረውኛል። ቀስ በቀስ ይቀልላል እንጂ በቁጣ አይለቅም አሉ። ለአክስቴ ስነግራት «ስም ካወጡለትማ አሳድጊው እንግዲህ!» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ስም ማግኘቱ ግን ጠቅሞኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቴ ይመስለኝ ነበር።

እንደገና በአምስት ሰው ፊት ላለመቅረብ ወሰንኩና አሁን ለምሠራበት ሆስፒታል ማመልከቻ ስጽፍ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ «ስለ ራሴ አሳምሬ መናገር አልችልም። ሥራዬን ግን ላሳያችሁ እችላለሁ። ስለዚህ በወሬ ሳይሆን በሥራ እንድትፈትኑኝ እጠይቃለሁ።» አክስቴ አንብባ «በቃ፣ ይኼን አይተው አጣጥፈው ይጥሉታል» አለች። አልጣሉትም። የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ማምከኛ ክፍል ኃላፊ የሆኑት ሲስተር አስጠሩኝ። ሠራተኛው ሁሉ «ሰዓቷ» ይላቸዋል፤ አንድ ደቂቃ አያሳልፉም። ጠረጴዛው ላይ አርባ ሁለት መሣሪያ ዘርግፈው፣ የተደረደረውን ናሙና አንድ ጊዜ ብቻ አሳይተውኝ ወጡ። ሲመለሱ ሁሉም በየቦታው ነበር፤ ጫፉ የላላ አንድ መቆንጠጫ ግን ለብቻው አስቀምጬ ጠበቅኋቸው። መቆንጠጫውን አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ወሬ ትወጃለሽ?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

«ተመስገን! ከአንቺ በፊት የነበረችው ስታወራ መቀስ ረስታለች።»

ሥራው እንዲህ ነው። የታጠበውን መሣሪያ በመነጽር እየመረመርኩ እደረድራለሁ፤ በጨርቅ እጠቀልላለሁ፤ በልዩ ቴፕ አሽገዋለሁ፤ ጀርሙን ወደሚገድለው የእንፋሎት ማሽን አስገባዋለሁ። በቴፑ ላይ ያሉት መስመሮች ሲገቡ ነጣ ያሉ ናቸው፤ ጥቅሉ እንፋሎቱን በሚገባ ሲያገኝ ይጠቁራሉ። መስመሩ ያልጠቆረ ጥቅል ከክፍሉ አይወጣም። ያለቀውን በጠባብ መስኮት በኩል እናቀብላለን። በክፍሉ አራት ነን፤ ሁላችንም አፋችንን ሸፍነናል፤ ማንም ለምን ዝም አልሽ አይለኝም። በየጥቅሉ ላይ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል እጽፋለሁ። ፊቱን የማላየው ሰው በዚያ ጥቅል አምኖ ይተኛል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሲስተር ስብሰባ ገብተው ሳለ አንድ ቀዶ ሐኪም ወደ መስኮቱ መጡ። ከኋላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ።

«አንቺ! የሆድ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ስብስቡን አቀብዪኝ! በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ነው።»

ጥቅሉን አነሳሁት። መስመሩ ነጭ ነበር። ልናገር ብዬ አፌን ብከፍት ድምፅ የለም።

«ምን ይገትርሻል? አምጪው እንጂ!»

ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን አልደብቅዎትም። ወረቀት ስቤ «መስመሩ አልጠቆረም። አልሰጥም።» ብዬ ጻፍኩና በመስታወቱ ላይ ለጠፍኩት።

«ዱዳ ነሽ እንዴ? ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

ሌላ ወረቀት ሳብኩ። «አውቃለሁ። መስመሩ ግን አያውቅዎትም።»

ከኋላቸው አንዱ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ነው ያስከሰሰኝ። ጥቅሉ እንደገና ማሽን ገባ፤ ቀዶ ሕክምናው በአንድ ሰዓት ዘገየ። በሽተኛውም በሰላም ወጣ። እኔ ግን «ለበላይ ተገቢውን ክብር በመንፈግ» ሐሙስ ዕለት በሦስት ሰው ፊት እንድቀርብ ታዘዝኩ።

የእርስዎ ቅጽ የደረሰኝ በዋዜማው ነው። ሐሙስ ጠዋት በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከቦርሳዬ አወጣሁት። ብዕሬን ከፈትኩ። እውነቱን ልንገርዎት፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት ፈርሜ ብሄድ ማንም አያየኝም ነበር። የያዝኩት ግን ሌላም ወረቀት ነበር፤ የሆነውን በሙሉ የጻፍኩበት። ቅጹን መልሼ አጠፍኩና ገባሁ።

የአስተዳደሩ ኃላፊ፣ የነርሶች ኃላፊዋና ሐኪሙ ተቀምጠዋል፤ ሲስተር ከጥግ ቆመዋል። አንዲት ቁራጭ ወረቀት አስቀደምኩ፦ «ድምፄ እስኪመጣ ጠብቁኝ።» ጠበቁ። ሐኪሙ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ። ከዚያ መጣ፤ ቀጭን ነበር፤ ግን የእኔ ነበር።

«ስብስቡ አልተዘጋጀም ነበር።»

ይህን ብዬ ቀሪውን ለሲስተር ሰጠኋቸው፤ እሳቸው አነበቡት።

«ቴፑን አላየሁትም፤ በዚያ አልከራከርም» አሉ ሐኪሙ። «ግን አነጋገሯ!»

«አልተናገረችም እኮ» አሉ ሲስተር።

«አጻጻፏ!»

ኃላፊው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ካልፈረምኩ ለሥራ አመራሩ ይቀርባል፤ ሥራዬንም ላጣ እችላለሁ። ወረቀቱን አንብቤ መለስኩላቸው።

«ለምን?»

«እውነት አይደለም።»

«እንግዲህ ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

አርብ ጠዋት በሰዓቴ ክፍሌ ገባሁ። ውሳኔው በአሥር ቀን ውስጥ ይነገረኛል። ቢያባርሩኝ ያችን አንቀጽ ቀድቼ ለሌላ ሆስፒታል እልካለሁ፤ ማምከኛ ክፍል የሌለው ሆስፒታል የለም።

ስለዚህ ቅጹን ሳልፈርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ለእኔ ብለው እንደለፉ አውቃለሁ፤ አመሰግንዎታለሁ። ግን አባባ፣ እኔ ሰው እፈራለሁ እንጂ ሰው አልጠላም። የፈለግሁት ከሰው የሚያርቀኝን ሥራ ሳይሆን ከሰው ጋር በልኬ የሚያኖረኝን ነው። እንቀጠቀጣለሁ፤ እየተንቀጠቀጥኩም እቆማለሁ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኳት አንዲት መስመር አለች፦ «እዚህ ማንም ምንም አይጠይቅሽም፤ እኔንም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ የለም።» እንድጽናና ብለው እንደጻፏት አይጠፋኝም። ሦስት ጊዜ ወደ ከተማ ዝውውር ተሰጥቶዎት እንደመለሱት እናቴ ከማረፏ በፊት ነግራኛለች። በተመረቅሁ ቀንም ከአዳራሹ በር ላይ ቆመው «ጫማዬ ጠበበኝ፤ አንቺ ግቢ» አሉኝ። ጫማዎ አዲስ አልነበረም። ያን ቀን አልጠየቅሁዎትም፤ ዛሬም አልጠይቅዎትም።

የዓመት ፈቃድዎን ግን ይውሰዱና ይምጡ። አክስቴን አስጠንቅቄያታለሁ፤ ዘመድ አትጠራም፤ ጎረቤትም «እንኳን ደኅና ገቡ» ሊል አይመጣም። ከአውቶቡሱ የምቀበልዎት እኔ ብቻዬን ነኝ። ዝም ብለን በጀርባው መንገድ እንሄዳለን። መናገር ካላሰኘዎት አይናገሩ፤ ሁለት ቀን ብቻ መቆየት ከቻሉም ሁለት ቀን ይበቃኛል።

ያ ነፋስ ሳልዎን ይዞልዎት ይሂድ፤ እርስዎን ግን ይተውልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ማምከኛ ክፍል ሠራተኛ