የቡሽ ማግ

እንጅባራ፣ ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፖርቱጋል አገር ለምትኖሪው ልጄ ለምሕረት

እንዴት ከረምሽ ልጄ? ብርዱ አልጎዳሽም? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ወሬዬ ሳያልቅ እንለያያለን፤ የዛሬው ግን እንዲቆረጥብኝ ስላልፈለግሁ ወረቀት አነሣሁ።

የላክሽው የቡሽ ጨርቅ ደርሶኛል። መጀመሪያ ቆዳ መስሎኝ ነበር። የቡሹ ዛፍ ሳይቆረጥ ልጡ ብቻ እንደሚላጥ፣ ከዓመታት በኋላም መልሶ እንደሚያበቅል ለጎረቤታችን ለአሳምነው ብነግረው፣ «እኛ የዲከረንሱን ዛፍ ከሥሩ ቆርጠን ከሰል እናደርጋለን፤ ለካ ልብሱን ብቻ ገፍፈው የሚተውትም አሉ» ብሎ ሳቀ።

እንዳልሽኝ በቀጭኑ ተልትዬ ማግ አደረግሁት፤ ድሩ ጥጥ ነው። ቡሹን ብቻውን ሳስገባው ድሩን እየፋቀ አስቸገረኝ። ጥጥ እያፈራረቅሁ ስሞክረው ግን ተስማሙ። ደስ ብሎኝ ከሸማ መሥሪያ ጉድጓዴ ሳልወጣ መሸ። እናትሽ ምሳ ስታመጣልኝ አየት አድርጋው፣ «የፋርማሲ ሙያዋን ትታ ጨርቅ ልትሠራ የሄደችው ለዚህ ነው?» አለች። ድንች እየሸጠች ያስተማረችሽ ከክር እንድትወጪላት ነበር። የሸማኔ ሚስት መባል ብዙ አስከፍቷታል። ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

ከሸመንሁት ለአሳምነው ፈረስ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፍ ልብስ ሰፋሁለት። ከትናንት ወዲያ በፈረሰኞቹ በዓል ጋለበበት። ሲወርድ የፈረሱ ላብ ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ ላዩን በመዳፉ ጠረግ አደረገውና አለቀ። ከአዘና የመጡ ፈረሰኞች ከበቡት።

«የምን ቆዳ ነው?»

«የዛፍ ልጥ ነው» ቢላቸው የሚያምነው ጠፋ።

«ማን ሠራው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ የእናትሽን ድምፅ ሰማሁ። «ልጄ ምሕረት ናት፤ ከአባቷ ጋር ነው የሠሩት። የሸማኔ ልጅ ናት።»

ልጄ፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲያ ቀና ስትል አላየኋትም።

ሽማግሌው ለራሳቸው ፈረስ እንድሠራላቸው ስለጠየቁኝ፣ ሲመችሽ ሌላ ጥቅል ላኪልኝ። ጥለቱን ግን አንቺው አስቢበት፤ የኔ ዐይን የለመደውን ብቻ ነው የሚያየው።

ይህን ስጽፍ እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። «ምን ልበልልሽ?» ብላት «ምንም» አለች። እንዝርቷን እያሾረች፣ «ጋቢ እየፈተልሁላት ነው እንዳትላት» አለችኝ። እኔም አልነገርሁሽም።

ድርሽ አይበጠስ፣ ማግሽ አይጠርብሽ። በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ።

አባትሽ ስማቸው