አራት ሺህ ስምንት መልእክተኞች

በርበራ፣ ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

የጠዋት ቆጠራ፦ በበረት 212 በግ፣ 31 ፍየል። አንዲቱ በግ የኋላ እግሯን ታነክሳለች። በኮምፒውተሩ ውስጥ 4,008 መልእክተኛ፤ ከሰኞ ወዲህ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ልጄ ሳማተር፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ይህን የምጽፈው በቀን መዝገቤ ላይ ነው። ገጾቹን ቀድጄ ቅዳሜ ወደ ሳውዲው ጂዛን ወደብ ለሚሻገረው ጀልባ አዛዥ እሰጠዋለሁ፣ እሱም በወደቡ ላይ ያንተን መርከብ ለሚያውቅ ሰው ይሰጥልኛል። እስከ ዛሬ አምስት ደብዳቤ በዚሁ መንገድ ልኬያለሁ። ይህ ስድስተኛው ነው።

እናትህ ደህና ናት። ሙቀቱ ሲበርድ ከሼክ ተራራ ወርዳለች። ጉልበቷን እንደ ድሮው ያማታል፣ እሷም እንደ ድሮው አላመመኝም ትላለች። ግመሊቱ ወልዳለች። የመርከብህን ወሬ ፍለጋ ወደቡ ላይ ወዳለው ቢሮ በየሳምንቱ እሁድ እሄዳለሁ፤ ጸሐፊው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔም ከበሩ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ትተኸው የሄድከው ኮምፒውተር ታሟል።

ሰኞ ቀትር ላይ የግቢው ውኃ መሳቢያ በሰዓቱ አልተነሳም። እናትህ እህቷን ልታነጋግር ስትል የኮምፒውተሩ መነጋገሪያ መስኮት አልከፈት አለ። ሄጄ ሳይ መሣሪያው በርቷል፣ ማራገቢያውም ይዞራል፤ ግን የነካሁትን ሁሉ በአንድ መስመር ጽሑፍ ይመልስልኛል። ጽሑፉን የሰው በግ ጆሮ ላይ ያለ ምልክት እንደምገለብጥ ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገለበጥኩትና አቦኮር ሽቦ ዘንድ ወሰድኩት። የበርበራን ራዲዮ ሁሉ የሚጠግን እሱ ስለሆነ ሌላ የምወስድበት ሰው አላወቅኩም።

አቦኮር ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ መጣና ወንበርህ ላይ ተቀመጠ።

«ቡልሃን፣ ይሄ ምን አለው? አጥፍቶ ማብራት ነው።»

«አይጠፋም።»

«ለምን አይጠፋም?»

«ልጁ እስክመለስ እንዳታጠፋው ብሏል።»

«ልጁ…» አለና ጫቱን አላመጠ። ከዚያ ቃሉን ቀየረው። «በግህ ታሞ ሐኪም ጠርተህ፣ ከሩቅ ሆነህ አክምልኝ ትላለህ እንዴ?»

«አንተ ደግሞ እረደውና ይድናል እያልከኝ ነው።»

ሳቀ። ሻዩን ጠጣ፣ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነካካ፣ አቧራ ጠረገ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ትከሻዬን ያዘኝ። ያ ሰው ትከሻዬን ይዞ አያውቅም።

እናትህ በየጠዋቱ ከሶላት በኋላ «ምን አለ?» እንደምትለኝ ታውቃለህ። አንተ ባዘጋጀኸው መሠረት መሣሪያው በየሰዓቱ መርከቧ ላይ ወደ ገጠምከው ሳጥን አንድ መልእክተኛ ይልካል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ «ሳማተርን ጠይቄያለሁ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው» ብሎ ይጽፋል። እሷ ስለማታነብ እኔ አነብላታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ያ ጽሑፍ የለም። «ምን አለ?» አለችኝ። «እየጠበቀ ነው» አልኳት። ገበያ ውስጥ ስለ በግ ዕድሜ ስንት ነገር ተናግሬያለሁ። ለእናትህ ለደቃ ግን እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ወጥቼ በረቱ ውስጥ ቆምኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ስነግድ ምን ላድርግ ያላልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጨበጥ ነገር ነበር። ዋጋ ሲወድቅ ትይዛለህ፣ በሽታ ሲገባ ትለያለህ። እዚህ የምለየው ነገር አልነበረም። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፣ እሱም አይገባኝም፣ የሚገባው ሰው ደግሞ አንተ ነህ።

ስለዚህ ለሂባቅ ደወልኩ። በሐርጌሳ አብራህ የተማረችው ሂባቅ። ስለ እሷ ለእኔ አልነገርከኝም፣ ለእናትህ ግን ነግረሃታል፣ እናትህም ለእኔ አልነገረችኝም፣ እኔም አላወቅኩም ብያለሁ። ትናንት ማታ በመጨረሻው መኪና ደረሰች። እናትህ አሳና ሩዝ አቀረበችላት፣ አጥንቱን እንደ ልጅ እየለቀመችላት።

ዛሬ ከንጋት ሶላት በኋላ ተቀመጠች። ያንተ ስም ስላላስገባት በሌላ ስም ገባች። ብዙ ሳትቆይ ወደኋላ ተደገፈች።

«አጎቴ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ሞልቶ ነው።»

«ምን ሞልቶ?»

«አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ማሠራት የሚችለው ሥራ ገደብ አለው። የሳማተር ገደብ አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ነው። እዚያ ሲደርስ አዲስ ሥራ አይጀመርም። የውኃው መሳቢያም፣ የስልኩም፣ ሁሉም በተራው ወረፋ አጣ።»

«ምን የሚያህል ቤት ነው አራት ሺህ ሥራ ያለው? እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ነን።»

«የቤቱ ሥራ ሰማንያ ስምንት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መልእክተኛው ነው። ሄዶ ይጠይቃል፣ መልስ ሲያጣ አይመለስም፣ እዚያው ይቀመጣል። በሚቀጥለው ሰዓት ሌላ ይላካል፣ እሱም አጠገቡ ይቀመጣል።»

«ስንት ሆኑ?»

«አራት ሺህ ስምንት።»

ቁጥር ስትነግረኝ አእምሮዬ ዝም አይልም። በየሰዓቱ አንድ ከሆነ በቀን ሃያ አራት ነው። አራት ሺህ ስምንት ለሃያ አራት ሲካፈል አንድ መቶ ስልሳ ሰባት ቀን ይሆናል፣ ትርፍ የለውም። ከሰኞ ወደኋላ አንድ መቶ ስልሳ ሰባት ቀን ቆጠርኩ። ኤፕሪል 30 ላይ ወደቀ። ቀና ስል ሂባቅ አስቀድማ ቆጥራው ኖሮ እጆቿን ታያለች።

«ገደቡን ላንሳው?» አለችኝ። «እጥፍ ላድርገው?»

«ሲነሳ?»

«ይሠራል። ከዚያ ደግሞ ይሞላል።»

«በኤፕሪል መጀመሪያ» አልኳት። በረት ሲጠበኝ አጥር አሰፋለሁ። ግን የማሰፋው ለሚገባና ለሚወጣ ከብት ነው።

ከዚያ መልእክተኛው የሚታዘዝበትን፣ አንተ የጻፍከውን ከፈተችልኝ። በቋንቋችን የተጻፈ ማስታወሻ በመካከሉ ነበር። አነበበችልኝ፣ ቀጥሎ እኔ «አቦ» የምትለኝ አባትህ ራሴ አነበብኩት፦

«እዚህ ላይ ስልሳ ሰከንድ ጠብቆ ይመለስ የሚል ነበር። አቦ እምቢ አለ። ይህ አንድ ቀን ችግር ማምጣቱ አይቀርም። ሲያመጣ ከዚህ መስመር ፊት ያለውን ምልክት ማጥፋት ብቻ ነው። አቦ እንዳይቆጣ፣ የማጠፋው እኔ ልሁን።»

ያን ምሽት አስታወስኩት። ልትሄድ ሳምንት ሲቀርህ ነበር። በረንዳው ላይ ሆነህ መልእክተኛው አንድ ደቂቃ ጠብቆ መልስ ካጣ እንደሚመለስ አስረዳኸኝ። እኔም የበርበራ ገበያ የሚያውቀኝ በዚህ መሆኑን ነገርኩህ፦ የቡልሃን ደላላ ከላኩት ሰው ደጅ ላይ ይቀመጣል፣ እንደ ገበያችን ልማድ ለዋጋ ምልክት እጁ በጨርቅ ሥር ተጨብጦ እሺ ወይም እምቢ እስኪባል ድረስ ፀሐይም ቢመታው አይነሳም። ስንት ነጋዴ መቀመጡን ብቻ አይቶ ዋጋ ቆርጧል።

«አቦ፣ ይሄ እኮ ደላላ አይደለም» አልከኝ።

«ከቤቴ የሚላክ ሁሉ ደላላዬ ነው» አልኩህ።

«መቀመጫ ያልቅበታል።»

«ወንበር አልሰጠሁትም እኮ፣ መሬት ላይ ይቀመጥ» አልኩህ። እናትህ ሳቀች፣ አንተም ሳቅህ፣ መስመሩንም ሄደህ ዘጋኸው።

ሂባቅን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «እነዚህ የተቀመጡት፣ ሳማተር አሁን ቢመልስላቸው ይሰማሉ?»

«አይሰሙም አጎቴ። የሄዱበት መስመር ተቆርጧል። እነሱ ግን ስለ መቆረጡ የነገራቸው የለም። አሁን ሊሰማው የሚችል አዲስ የተላከ ብቻ ነው።»

«አዲስ ደግሞ እነሱ ሞልተው አይላክም።»

«ከሰኞ ጀምሮ አንድም አልተላከም።»

ሳማተር፣ ይህን ስሰማ ምን እንደሆንኩ ለመጻፍ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፦ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልጠየቀህም። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እየተጠየቅክ ይመስለኝ ነበር።

ሂባቅ ወዲያው ላሰናብታቸውና መስመሩን ልመልሰው አለች። ዛሬ አይሆንም አልኳት። ለምን አላለችኝም። መልእክቶቹ የተቀመጡበትን ሳታየው አትቀርም፤ የኤፕሪል 30ው ምልልስ እዚያው አለ። ያንን መስኮት ዘግታ እናትህ ዘንድ ሄደች።

ያን ቀን የጻፍክልኝ በእጄ ላይ እንዳለ ነው። «አቦ፣ ሞተሩ ቆሟል፣ ነፋሱ ተነስቷል። አንድ የዓሣ ጀልባ መጥቷል፣ ሰው ብቻ ይወስዳል። ልምጣ?» መርከቧ ላይ ዘጠኝ መቶ በግ ነበር። የዚያች መርከብ ሞተር ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ ቆሞ ተነስቷል። ረጋ ብዬ አሰብኩ፤ ሁሌም ረጋ ብዬ ነው የማስበው። «በጎቹን ለማን ትተህ? አስረክበህ ና» ብዬ መለስኩልህ። አንተም «እሺ አቦ» አልክ። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ነው የጠየቅኩህ።

እናትህ የመጨረሻው ቃልህ «ደህና ነኝ» የሚል ይመስላታል። እንደዚያ ነው ያነበብኩላት።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ዋና ነገር ይህ ነው። ያን ትእዛዝ ሽሬዋለሁ። በጎቹን የትም ተዋቸው፣ ለማንም ተዋቸው። የምታስረክበው ነገር የለም። ሰው የሚወስድ ጀልባ ባገኘህበት ሰዓት ሳትጠይቀኝ ውጣ። ባዶ እጅህን ና። መልስ ይዘህ መምጣት አይጠበቅብህም።

መልእክተኛውም ከነገ ጀምሮ የሚይዘው ቃል ይኸው ብቻ ይሆናል። በየሰዓቱ ይሄዳል፣ አንድ ደቂቃ ይቆማል፣ ያጣ እንደሆነ ባዶውን ይመለሳል። ምልክቱን የማጠፋው እኔ ልሁን ብለህ ነበር። አንተን ልጠብቅህ አሰብኩ፤ ግን እስክትመጣ ከተጠበቀ የሚጠይቅህ የለም። እጄን ሂባቅ ትመራኛለች፣ ማጥፊያውን እኔ እነካዋለሁ። ብትቆጣ ስትመጣ ተቆጣኝ።

መሣሪያው ራሱ አይጠፋም። ይህን ሂባቅ አረጋግጣልኛለች።

ባሕሩን ያበጀ አላህ በፊትህም በኋላህም ይሁን። ውኃው ይጥራልህ፣ ነፋሱ ይርጋልህ፣ የደረስክበት አገር ሰው የእናትህን ዓይነት እጅ ይኑረው። እናትህ ትስምሃለች፤ ይህን ሳልጠይቃት ነው የጻፍኩት፣ ግን አውቃለሁ። ሂባቅ ምንም በልልኝ አላለችም። ወንበርህ ላይ ስትቀመጥ ግን ቁመቱን አልቀየረችውም።

አባትህ
ቡልሃን ዋርፋ

ነገ፦ ከንጋት ሶላት በኋላ ደቃ «ምን አለ?» ስትለኝ፣ የኤፕሪል 30ውን እንዳለ ማንበብ። ሁለት ሰዓት ላይ ከሂባቅ ጋር 4,008ቱን ማሰናበት። የምታነክሰውን በግ ሰኮና ማየት።